ወያላው የማነው?

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.። ከፒያሳ ለገሃር በሚጭን ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ጋቢና አግኝቻለሁ። ጋቢና የተገኘበት ቀን ክፉ አይሆንም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ቸርችል ጎዳና ተዘጋግቷል። ሾፌሩ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። የስፖርት ፕሮግራም ነው። ጋዜጠኛው አርሴናል ቅዳሜ ዕለት ክሪስታል ፓላስን 5 ለ 0 የረታበትን ጨዋታ እየተነተነ ነው።

እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ጆሮዬን ሰጠሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግቦች ከማዕዘን ምት እንደመጡ አስታወሰ። እውነቱን ነው። ከዚያ በማዕዘን ምት ጊዜ በረኛው ፊት ስለሚቆመው የአርሴናል ተከላካይ እንዲህ አለ፦ «ቤን ዋይት እዚያ ጋ የሚሠራው የወያላ ሥራ ነው። በሩ ላይ ይቆማል። ራሱ ወንበር የለውም። ግን እሱ ሳይፈቅድ የሚገባም የሚወርድም የለም።»

ወያላችን በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ታክሲ ላይ ሠርቷል!» አለ። ከኋላ አንድ ሰው «ኳስ የሚገባው እሱ ነው» ብሎ ጨመረ። ሾፌሩም ፈገግ አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያ የኔ ጽሑፍ ነው። ቃል በቃል። «ራሱ ወንበር የለውም» የምትለዋ ሳትቀር። እሁድ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ፣ በአንድ አውራ ጣት የጻፍኳት ናት።

ምን ይደረጋል? ዞር ብዬ «ይሄን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» ልበል? ጋቢና የተቀመጠው እብድ ተብዬ ነው የምወርደው። ሂሳቤን ሰጠሁ፣ መልሴን ተቀበልኩ፣ ለገሃር ወረድኩ። ቢሮ እስክደርስ ጆሮዬ ይግል ነበር።

የጻፍኩት ለኳስ ግሩፓችን ነው። ስለሱ ትንሽ ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። አባሉ ብዙ ቢሆንም የሚጽፈው ከአሥር አይበልጥም። አንዱ ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። አንዱ ሪያድ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ የማታ ጨዋታዎችን ሥራ ላይ ሆኖ በስልኩ ያያል። አንዷ ሲቪል መሐንዲስ ናት፤ የተከላካይ መስመር ስትስል ኮንዶሚኒየም የምትሠራ ነው የሚመስለው። አብዛኞቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም። ማንም አይከፍለንም። ግን ሥራ ነው።

ትንታኔ ሲባል አፍ መክፈት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አንድ ማዕዘን ምት ስንት ጊዜ እንደማይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ኳሱን አያለሁ። ቀጥሎ ኳሱን ትቼ በረኛውን ብቻ። ቀጥሎ የአርሴናሉን ተከላካይ ጋብርኤልን። ኳሱ ከመመታቱ በፊት የት ነበር? ከሩቁ ቋሚ አካባቢ፣ ከሦስት አራት ሰው ጋር ተጠጋግቶ። ኳሱ ሲነሳ ነው ሩጫው የሚጀመረው። ዴክላን ራይስ ከግራ በቀኝ እግሩ፣ ሳካ ከቀኝ በግራ እግሩ ይመታሉ። ስለዚህ ኳሱ ወደ ግቡ እየታጠፈ ይመጣል። ወደ ግቡ የሚታጠፍ ኳስ ደግሞ የበረኛ ኳስ ነው፤ ወጥቶ መያዝ ወይም በቡጢ ማራቅ አለበት። እንዳይወጣ ቤን ዋይት አለ። አይገፋም፣ አይጎትትም፤ ቢያንስ ዳኛ የሚያየው ዓይነት አይደለም። ዝም ብሎ ይቆማል። በረኛው ግማሽ እርምጃ ይዘገያል። ጋብርኤል የሚፈልገው ያችን ግማሽ እርምጃ ነው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ኒኮላስ ዦቬ የሚባል የቆመ ኳስ አሠልጣኝ አለ፤ በፈረንጆቹ 2021 ከማንቸስተር ሲቲ የመጣ።

ይህ ሁሉ እሁዴን በልቶብኛል። ሚስቴ ልብስ እያጠበች «አሁንም ያው ኳስ ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። እሱ በሬዲዮ ሲናገረው አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ማታ ግሩፕ ገብቼ ነገርኳቸው። ግሩፑ ጋለ። «ኮራጅ!» ያላለ የለም። የሪያዱ ልጅ ግን አልገረመውም። የሱ ጽሑፍ በተለያየ ፕሮግራም ሦስት ጊዜ እንደተነበበ ነገረን። አንዴማ ስህተቱ ሳይቀር ተነብቦለታል። የፋርማሲው ልጅ መላ አመጣ፦ በየጽሑፋችን አንድ የሌለ ተጫዋች እንጨምር፤ ጋዜጠኛው ስሙን ሲጠራ እጅ ከፍንጅ እንይዘዋለን። መሐንዲሷ አልተስማማችም። «ከዚያ እኛን የሚያነበን ሰው ምን በደለ?» አለች። ልክ ናት። ያለእሷ ያ ግሩፕ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ኮራጅ የሚለውን ቃል ከክፍል ይዘነው የመጣን ነን። የሚገርመኝ ግን አማርኛ በዚህ ነገር ላይ ያለው አቋም ነው። ቅኔ ቤት ብትሄዱ ቅኔ ይዘረፋል ነው የሚባለው። ባለቅኔው «ዘረፈ» ከተባለ ተመሰገነ ማለት ነው። እዚያው ቤት ግን ያደረ ቅኔ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሌላ ሰው ሲሆንማ አይነሳ። እንግዲህ ከየት እንደሚዘረፍ ነው ነገሩ።

ድሮም ቢሆን ጋዜጠኛ ከደጋፊ መስማቱ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋም ተቀመጡ ሚስማር ተራ፣ ከጀርባችሁ የሚጮኸው ሰውዬ ከአሠልጣኙ በላይ የሚያውቅ ነበር። አጥቂው ለምን ኳስ እንዳልደረሰው ከእረፍት በፊት ይነግራችኋል። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ስታነቡት የሰውዬው ድምፅ ይሰማችኋል። ማን ነበር? አይታወቅም። ያኔ ማስረጃ የለም፤ ጩኸት ነው፣ በአየር ላይ ይቀራል። አሁን ግን ሰዓቱ ተጽፏል። እሁድ ማታ 4፡52። ስሜ ከላይ አለ። ስክሪን ሾት አለ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

የድምፅ ባለቤትነትን ደግሞ ሰዉ አይረሳም። አባቴ የ1980ውን የሴካፋ ዋንጫ፣ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፍንበትን ጨዋታ ሲያወራ ከግቦቹ በፊት የስፖርት ጋዜጠኛውን ደምሴ ዳምጤን ነው የሚጠራው። ሊያስመስለው ይሞክርና ሳል ይይዘዋል። ሰፈር ውስጥ ኳስ እየነዳ በአፉ የሚያስተላልፍ ልጅ እንኳ ማንን እንደሚያስመስል ያውቃል። «አንድ ጋዜጠኛ እንዳለው» የሚል የለም። ለጋዜጠኛ ስም ሲሆን እንዲህ ጥንቁቅ የሆንን ሰዎች፣ ለደጋፊ ሲሆን «አንዳንድ ወገኖች» እንላለን።

ለጋዜጠኛው ጻፍኩለት። አልተሳደብኩም። የኔን ጽሑፍና የፕሮግራሙን ቅጂ ጎን ለጎን ላክሁ፣ «ሰላም፣ ይሄ የኔ ነው» አልኩ። መልስ አልጠበቅኩም ነበር። በሁለተኛው ቀን «ወንድሜ፣ ማኪያቶ ልጋብዝህ» አለኝ።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ተገናኘን። በአካል ሲታይ ከድምፁ ያነሰ ሰው ነው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሊክድ ነው ብዬ ክርክሬን አዘጋጅቼ ሄጄ ነበር። አልካደም። «ግሩፓችሁ ውስጥ አለሁ» አለ፣ ስኳሩን እያማሰለ። በሌላ ስም። የትኛው እንደሆነ ብለምነው አልነገረኝም። እስከዛሬ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው ባየሁ ቁጥር እሱ ይመስለኛል።

«ጣቢያው ደመወዝ የሚከፍለኝ መሰለህ?» አለ። ተባባሪ አዘጋጅ ነው። የአየር ሰዓት ይገዛሉ፣ ማስታወቂያ ፈልገው ይሸፍናሉ፣ የተረፈ ካለ ይካፈላሉ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ሁለት ሰው። ድሮ የስፖርት ፕሮግራሞችን ቢራ ነበር ተሸክሟቸው የሚኖረው። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ብዙ ፕሮግራም እግሩ ተብረከረከ። ከዚያ የውርርድ ድርጅቶች መጡ። «የውርርድ ስፖንሰር ምን እንደሚፈልግ ታውቃለህ?» አለኝ። «ቅዳሜ ማን ያሸንፋል የሚለውን ነው። ስለ ቤን ዋይት አቋቋም እንዳወራ ማንም አልከፈለኝም። ደስ ስላለኝ ነው ያነበብኩት።»

አመንኩት። ሰውዬው ኳስ ይወዳል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነበር፤ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ መናደድ ይቀለኝ ነበር።

«ታዲያ ስሜን ብትጠራ ምን ይጎድልሃል?» አልኩት።

«ሰው የሚያዳምጠኝ አውቃለሁ ብሎ ነው። አንድ ልጅ ቴሌግራም ላይ እንደጻፈው ካልኩ፣ አድማጩ እኔን ትቶ ልጁን ፍለጋ ይሄዳል።»

እዚህ ላይ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። እኛ አገር ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነገረህ?» ተብሎ ነው። «ሰዎች ሲሉ ሰማሁ» ያለ ወሬኛ ነው። «እገሌ ነገረኝ፣ እዚያ ነበር» ያለ ሰው ግን ይታመናል። ምንጩን የሚናገር ጋዜጠኛ ያንሳል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከለቅሶ ቤት እስከ ዕድር ስብሰባ ያለው ልማዳችን ግን ተቃራኒውን ነው የሚለው። «የግሩፑ ልጆች እንዳሉት» ለማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ለስፖንሰር ስም ስንት ሰከንድ ይሄዳል?

ይህን ሁሉ ነገርኩት። አዳመጠ። ከዚያ ጽዋውን አስቀመጠና «አንተስ የእንግሊዞቹን አታነብም?» አለኝ።

አነባለሁ። እዚያ ላይ ዝም አልኩ።

ሕግ የተማረ ጓደኛ አለኝ፤ ጠየቅኩት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ሐሳብን አይጠብቅም አለኝ፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መንገድ ነው። ማዕዘን ምት እንዴት እንደሚሠራ መረዳቴ የኔ ንብረት አይደለም። ዓረፍተ ነገሮቼ ግን የኔ ናቸው። መጥቀስ ይቻላል፣ ምንጩና የጸሐፊው ስም ከተጠራ። «ልክሰስ?» አልኩት። «ለአንድ ደቂቃ ሬዲዮ?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሕጉ ላይ ያለኝ እውቀት እዚህ ያበቃል።

ውጭ አገር ይህ ነገር አንዳንዴ ሌላ መልክ ይይዛል። ሬኔ ማሪች የሚባል ኦስትሪያዊ አለ። ወጣት ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ስለ ታክቲክ በኢንተርኔት ይጽፍ ነበር። ስለ ጀርመኑ ክለብ ማይንዝ የጻፈውን የክለቡ የወቅቱ አሠልጣኝ ቶማስ ቱኸል አነበበና ራሱ ፈልጎ አገኘው። ልጁ በኋላ ከአሠልጣኝ ማርኮ ሮዘ ጋር በሳልዝበርግ፣ በሞንሸንግላድባኽና በዶርትሙንድ ረዳት አሠልጣኝ ሆነ። ይህን ታሪክ ለግሩፑ ስነግር የፋርማሲው ልጅ ምን አለ? «እኛም ረዳት እንሆናለን፤ የሜክሲኮ መስመር ላይ።»

እስካሁን የተበደልኩት እኔ ነኝ። አሁን የቀረውን ልናገር።

ያ ጨዋታ የተደረገው በጥምቀት ዕለት ነው። ጥር 11። ከጃንሜዳ ታቦት ሸኝቼ፣ ነጭ ልብሴ ላይ አቧራ ተቀምጦ፣ እግሬ እየዛለ ፒያሳ ደረስኩ። ጨዋታው በኛ ሰዓት 9፡30 ነው የሚጀምረው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሁልጊዜ የማይበት ዲኤስቲቪ ቤት ነበረ። ጣራው ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ሰው ሲነሳ ጎንበስ ይላል። አግዳሚ ወንበሮቹ ከጀርባቸው መደገፊያ የላቸውም። የዚያን ቀን ቤቱ ግማሹ የሀገር ባህል ልብስ፣ ግማሹ ማሊያ ለብሶ ነበር።

ከቴሌቪዥኑ በስተግራ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሁሌም የሚቀመጥ ሰው አለ። የታጠበ፣ ቀለሙ የሄደ የቼልሲ ማሊያ ነው የሚለብሰው። ታክሲ ላይ ይሠራል። ወያላ ሲባሉ ቅር የሚላቸው አሉ፤ ረዳት ነው ወጉ። እሱ ግን ራሱን ወያላ ነው የሚለው። የሚመጣው አርሴናል ሲሸነፍ ለማየት ነው፤ አይደብቅም።

የመጀመሪያው ግብ ገባ። ቤቱ ተነሳ። ድጋሚ እይታው ሲመጣ ሰውዬው ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ «እንዴ! ይሄ ልጅ ወያላ ነው እንዴ? በር ላይ ምን ያቆመዋል? ወንበር የለውም?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። የተቀመጥኩት ከሱ ሁለት ሰው አልፎ ነው። በደንብ ሰምቼዋለሁ።

እሁድ ማታ የጻፍኩትን ቆይቼ ደግሜ አነበብኩት። «እኔ ይህን ሚና ወያላ ብዬዋለሁ» ይላል። ብዬዋለሁ! በረኛውንና ጋብርኤልን ደጋግሜ ያየሁት እውነት ነው፤ ያ የኔ ልፋት ነው። ሰዉን ያሳቀው ግን የሱ ነው። ሬዲዮው ላይ ታክሲውን ያሳቀውም የሱ ነው። ወያላችን «ይሄ ሰውዬ ታክሲ ላይ ሠርቷል» ሲል እኮ ትክክል ነበር። ሰውዬው እኔም አይደለሁ፣ ጋዜጠኛውም አይደለ።

እያወቅኩ ሰረቅኩ ወይ? አይመስለኝም። ቅዳሜ የሱ ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ «አንድ ሰው ያለው» ሆነ። ማታ ላይ የኔ ሆነ። እንዴት እንደዞረ ለራሴም አይታየኝም። ጋዜጠኛውም እንዲሁ ይሆናል ስል አስባለሁ፤ ሰኞ አንብቦ፣ ማክሰኞ አፉ ውስጥ ሲያገኘው የራሱ መስሎት። ይህን የምለው ለሱ አዝኜ ነው ወይስ ለራሴ፣ እናንተ ፍረዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የፒያሳው የልማት ፈረሳ ሲመጣ ያ ቤትም አብሮ ሄደ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጎራ ብል ቆርቆሮና የጭቃ ግድግዳ ክምር ነው የጠበቀኝ። ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበታትኗል። የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤት ስልክ ከአንድ ሰው አግኝቼ ደወልኩ። ቴሌቪዥኑ ዘመድ ቤት ተቀምጧል አለኝ። «ያ የቼልሲ ማሊያ የሚለብሰውስ?» አልኩት።

«እ፣ ቼልሲ! ስሙን እንኳ አላውቀውም። ቼልሲ ነበር የምንለው። የሳሪስ መስመር የሚሠራ መሰለኝ።»

ሳሪስ ሁለት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በየታክሲው በር አንገቴን አስግጌ አይቻለሁ። «ግባ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» ከማለት በቀር ያገኘሁት የለም።

በሚያዝያ 20 አርሴናል ቶተንሃምን 3 ለ 2 አሸነፈ። ያን ቀን ቤን ዋይት የበረኛውን የቪካሪዮን ጓንት ሲነካካ ዓለም ሁሉ አየው። በዚያ ሳምንት ወያላ የሚለው ቃል በሌላ ጣቢያ፣ በሌላ ጋዜጠኛ አፍ ሰማሁት። ማታ ቴሌግራም ጮኸ። የኛው ጋዜጠኛ ነው። «ሰማህ አይደል? ቃሌን ወሰዱብኝ» ይላል።

ቃሌን!

ምን ብዬ እንደምመልስለት ግራ ገብቶኝ ስልኩን አስቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ግሩፑ ገባሁ። የጥር ወሩን ጽሑፌን ፈልጌ አገኘሁት። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ 48 ሰዓት ያለፈው ጽሑፍ አይታረምም። ስለዚህ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወያላ የሚለውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ዶሮ ማነቂያ ከነበረው ዲኤስቲቪ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ ይቀመጥ የነበረ፣ ታክሲ ላይ የሚሠራ የቼልሲ ደጋፊ ነው ያለው። በጥምቀት ዕለት። ስሙን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።»

አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ተባለ። ከዚያ የሪያዱ ልጅ መጣ።

«ቼልሲ ደጋፊ ሆኖ ማዕዘን ምት እንዴት ገባው?» አለ።